የአንድ እንጀራ ሂሳብ፦ የእህቴ ስምንት ወራት

በ2017 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ነው። እህቴ ከሥራ እንደገባች አንድ የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ምንም አልተናገረችም። የደም ምርመራ ውጤት ነው። ምግብ ሳትቀምስ ጠዋት የተለካው ስኳሯ 118 ይላል። ሐኪሟ "ስኳር በሽታ አልያዘሽም፤ ግን መንገዱን ጀምረሻል" ብሏታል። 126 ሲደርስና በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው በሽታ የሚባለው። አባታችንን ያጣነው በዚሁ በስኳር መዘዝ ስለሆነ ያን ወረቀት ማንም በቤቱ ውስጥ ቀለል አድርጎ አላየውም።

ታሪኩን እንድጽፈው የፈቀደችልኝ እሷ ናት። ስሟን ብቻ ተዪው ብላኛለች።

እህቴ ያኔ 41 ዓመቷ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቷ 84 ኪሎ። ባንክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትሠራለች። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። እናታችን፣ እሷ፣ ሁለት ልጆቿና እኔ፤ አምስት ሰው ከአንድ ትሪ እንበላለን። ይህችን አምስት ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ሐኪሙ የሰጣት ግብ ትንሽ ነበር፤ ከክብደቷ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ። ቁጥሩን ከኪሱ አላወጣውም። አሜሪካ ውስጥ ስኳራቸው ከፍ ያለ ከ3000 በላይ ሰዎችን ይዞ የተሠራና በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። በዚያ ጥናት ይህን መንገድ እንዲከተሉ የታገዙት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ለእህቴ 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ገደማ ነው። "ስድስት ኪሎማ እችላለሁ" አለች።

እንዴት የሚለውን ግን ማንም አልነገራትም።

የስልኩ ቁጥር

የሥራ ባልደረባዋ ካሎሪ፣ ማለትም ምግብ የሚሰጠውን ጉልበት፣ የሚቆጥር አንድ አፕ ስልኳ ላይ ጫነችላት። ዕድሜዋን፣ ቁመቷን፣ ክብደቷን አስገባች። አፑ በቀን 1550 ካሎሪ ብዪ አላት።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ እስካሁንም ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀመር አለ። ለሴት ክብደቷን በ10፣ ቁመቷን በሴንቲ ሜትር በ6.25 ታባዢና ትደምሪያለሽ። ከዚያ ዕድሜዋን በ5 አባዝተሽ ትቀንሻለሽ፤ በመጨረሻም 161 ትቀንሻለሽ። ለእህቴ 1486 መጣ። ይህ ተኝታ ብትውል እንኳ ሰውነቷ የሚያቃጥለው ነው። ቀላል የቀን እንቅስቃሴ ሲጨመርበት 2050 አካባቢ ይሆናል። አፑ ከዚህ 500 ቀንሶ ነው 1550 ያላት። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7700 ያህል ካሎሪ ይይዛል። በቀን 500 ከጎደለ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለመሙላት ትንሽ ይቀረዋል። በወረቀት ላይ ሂሳቡ ያምራል።

እህቴ ደግሞ ሂሳብ ሥራዋ ነው። የቀኑ ሂሳብ ሳይዘጋ ከቅርንጫፏ ወጥታ አታውቅም። አፑንም እንደዚያው ያዘችው። ቁርስ ትመዘግባለች፣ ምሳ ትመዘግባለች፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት ትደምራለች። ከየካቲት 1 ጀምሮ አምስት ሳምንት አንድ ቀን አልዘለለችም። አማካይዋ 1300 ነበር። ከታዘዘላት በታች ማለት ነው።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሚዛን ላይ ወጣች። 83.4 ኪሎ። በመዘገበችው ቢሄድ ከሦስት ኪሎ በላይ መቀነስ ነበረባት። የቀነሰችው 600 ግራም ነው።

ያን ቀን አለቀሰች። "የእኔ ሰውነት ከሰው ይለያል፤ አየር ብበላም አልቀንስም" አለች። ብዙ ሰው ይህን ቃል ሲናገር ሰምቻለሁ። እኔም ሐዘኗ ገብቶኛል፤ ግን አላመንኩትም። በ1992 እ.ኤ.አ. በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ልክ እንደ እሷ ያሉ ሰዎችን መርምሮ ነበር። በቀን ከ1200 በታች እየበላን አልቀነስንም የሚሉ ናቸው። ሰውነታቸው ሲለካ ጤናማ ነው፤ ካሎሪ የሚያቃጥለውም እንደማንኛውም ሰው ነው። የሚለየው ምዝገባው ነው። ከሚበሉት ግማሽ የሚጠጋው መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ይህን ስነግራት "ውሸታም ልትዪኝ ነው?" አለችኝ። አይደለም፣ እታለም። ማንም አልዋሸም። አንቺ የመዘገብሽው በሙሉ ልክ ነው፤ የመዘገብሽበት ቁጥር ነው ልክ ያልሆነው።

ዱቄቱን መመዘን

አፑን ከፍቼ እንጀራ ብዬ ፈለግሁ። "1 እንጀራ፣ 165 ካሎሪ" ይላል። የየት አገር እንጀራ? በየትኛው ምጣድ የተጋገረ? ምንም አልተጻፈም። እህቴ በቀን አንድ ተኩል ትበላለች። በየቀኑ አንድ ተኩል እያለች መዝግባለች።

ትንሽ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቼ መጣሁ። እናቴ እንጀራ ልመዝን እንደሆነ ስትሰማ ተቆጣች። "ማዕድ እየመዘኑ መብላት የት አገር ነው የታየው? በረከቱን ልታባርሪው ነው?" አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ለእሷ ነገሩ ትልቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥቂት ዝም ብላ መፍትሔውን ራሷ አመጣችው። "ዱቄቱን መዝኚ። እሱ ገና የገበያ ነው። ሞሰብ የገባውን ግን እንዳትነኪው።"

እውነቱን ለመናገር የእሷ መንገድ ከእኔ ይሻላል። እንጀራ ሲቆይ ይደርቃል፣ ክብደቱ ይለዋወጣል። ዱቄት ግን ዱቄት ነው። ሦስት ኪሎ ጤፍና ሁለት ኪሎ የፎገራ ሩዝ ተመዘነ፤ እኛ ጋ ጤፍ ከተወደደ ወዲህ ብዙ ቤት ሩዝ ይደባልቃል። ተቦካ። በሦስተኛው ቀን ተጋገረ። እናቴ ራሷ ቆጠረች፤ 33 እንጀራ ወጣው።

አምስት ሺህ ግራም ለ33 ሲካፈል 151 ግራም ዱቄት ለአንድ እንጀራ ይደርሳል። የጤፍም የሩዝም ዱቄት በ100 ግራም 360 ካሎሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የእኛ ቤት አንድ እንጀራ 545 ካሎሪ ገደማ ነው። አፑ 165 ያለው ማለት ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት አለው። ከእርሾው ላይ የሚቀዳውን ውኃ አስበን ትንሽ ብንቀንስለት እንኳ ከ500 በታች አይወርድም።

በቀን አንድ ተኩል እንጀራ ላይ ብቻ 570 ካሎሪ ሳይመዘገብ ያልፍ ነበር። አፑ እንዲጎድል የፈለገው 500 ያለቀው እዚህ ላይ ነው። እህቴ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ከዚያ የተነፈሰችው ትንፋሽ አሁንም ትዝ ይለኛል። ሰውነቷ ጤነኛ ነው። የጎደለው መረጃ ነው።

ጀሪካኑ ላይ የተጻፈ ቀን

እንጀራው ከተፈታ በኋላ ወጡ ቀረ። ወጥ መመዘን ከባድ ነው። ከአንድ ትሪ አምስት እጅ እየቆረሰ የማን ስንት ሽሮ ነው? ጉርሻስ? እናቴ እህቴን ታጎርሳለች፣ እህቴ ልጆቿን። ይህን የሚመዘግብ አፕ የለም፤ እንዲኖርም አልፈልግም።

ያኔ ነው አምስት ሰው መሆናችን የጠቀመን። የዘይቱን ጀሪካን ጎን በማርከር የተከፈተበትን ቀን ጻፍንበት። ሌላ ምንም አልቀየርንም። የሁዳዴ ጾም ስለነበር ሁሉም ነገር በዘይት ነው። አምስት ሊትሩ በ20 ቀን አለቀ።

አምስት ሰው በ20 ቀን መቶ ነው። 5000 ሚሊ ሊትር ለመቶ ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 50 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። በካሎሪ ከ400 በላይ ነው። ይህን ሁላችንም ነበርን የምንበላው፤ ማንም ዘይት ጠጣሁ አላለም። የስብ አንድ ግራም 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ የስታርችና የፕሮቲን 4፣ የአልኮል 7። እነዚህን ቁጥሮች ያወጣው አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ዛሬም ማሸጊያ ላይ የሚታተመው ካሎሪ የሚሰላው በእሱ መንገድ ነው። ዘይት ከዱቄት ከእጥፍ በላይ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ሰው ጾም ያከሳል ይላል። የእኛ ጀሪካን ሌላ ነው የነገረን። ሥጋው፣ ወተቱና ቅቤው ቀርቷል። ሽሮው፣ ክኩ፣ ተልባውና የሱፍ ፍትፍቱ ግን ቀላል ምግብ አይደለም። ተልባ ብቻውን በ100 ግራም ከ500 ካሎሪ በላይ ነው። ለጤና ጥሩ ነው፤ ትንሽ ግን አይደለም። ደግሞ እህቴ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ትጾምና "እስካሁን ያጠራቀምኩት አለኝ" ብላ ትቀመጣለች። ርሃቡ ሲመጣ አንዱ እንጀራ ሁለት ይሆናል። ጾም የነፍስ ሥራ ነው። የካሎሪ ቁጠባ ሲደረግ ሁለቱም ይበላሻሉ ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ቶሎ ተገኘ። ቢሮ በቀን ሦስት ሻይ፣ በየሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ቤት ሁለት ሲኒ ቡና፣ በየሲኒው ሁለት። ተደምሮ ከ200 ካሎሪ ይበልጣል። ከሥራ ስትወጣ አልፎ አልፎ ትልቅ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ ትጠጣለች። ፍሬ ነው፣ የጾም ነው ብላ ጤናማ የምትለው ነበር። ከነስኳሩ ከ350 አያንስም። ያለ ስኳር በማንኪያ ብትበላው ኖሮ ግማሹ ይበቃት ነበር።

ቁጥሩ የጎዳን ቦታ

እስካሁን መቁጠር ጠቀመ እያልኩ ነው። የጎዳንንም መናገር አለብኝ። ይህንን ብዙ ሰው አያወራውም።

አንደኛው ብስኩቱ ነው። ቆጠራው በተጠናከረ ሰሞን እህቴ ቢሮ ይዛ የምትሄደውን ገብስ ቆሎ ተወች። ለምን ስላት "ቆሎው ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ ብስኩቱ ላይ ግን ተጽፏል" አለችኝ። ደነገጥኩ። ቁጥር ስላለው ብቻ የፋብሪካ ብስኩት የእናቷን ቆሎ አሸነፈ። አንድ እፍኝ ቆሎ 110 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ይታኘካል፣ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ትንሿ የብስኩት እሽግ 185 ይላል፤ በሁለት ደቂቃ ታልቃለች፣ ሁለተኛዋ ትከፈታለች። በ2019 እ.ኤ.አ. ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪ 20 ሰዎችን አንድ ቦታ አስቀምጦ አጥንቶ ነበር። ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በብዛት የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ እኩል ነው። እንደፈለጋችሁ ብሉ ሲባሉ ግን በመጀመሪያው በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምረው በሉ። ካሎሪ መቁጠርና ጤናማ መብላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ለእኔ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ።

ሁለተኛው ልጅቷ ናት። የእህቴ ትልቋ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፣ እያደገች ያለች ልጅ ናት። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ምሳ ላይ እጇን ሰብስባ "እማ፣ ይሄ ስንት ካሎሪ ነው?" አለች። ግማሹን ትታ ተነሣች። በማግስቱም እንዲሁ። እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ። ያን ማታ አፑን ከስልኳ አጠፋችው። እኔም ሚዛኑን ከጠረጴዛ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከልጅ ፊት ምግብን በቁጥር መጥራት ቀረ። ልጅቷ ወደ ማዕዷ እስክትመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀ። እነዚያ ሁለት ሳምንታት ከስኳሩ ወረቀት የባሰ አስፈሩኝ። ቤቱ ውስጥ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ካለ፣ ወይም ከምግብ ጋር የተጣላ ሰው ካለ፣ ቆጠራው በር ተዘግቶ ይሁን እላለሁ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰውም ያለ ሐኪሙ ምግቡን በድንገት መቀነስ የለበትም።

ከቆጠራው በኋላ

ቆጠራው ቆመ። ያወቅነው ግን አልጠፋም።

እናቴ አሁን ዘይት ከጀሪካኑ በቀጥታ አታፈስም። በቡና ሲኒ ትለካለች። ጀሪካኑ ከ20 ቀን ወደ 30 ቀን ሄደ። ይህ ብቻውን ለእያንዳንዳችን በቀን 130 ካሎሪ ቀነሰ። ማንም ሳይራብ፣ ማንም ወጡ ጣዕም አጣ ሳይል።

እህቴ እንጀራዋን ሳትጀምር ግማሹን አጥፋ ወደ ጎን ታደርገዋለች። ከፈለገች ትመለስበታለች፤ አብዛኛውን ጊዜ አትመለስም። በቦታው ጎመን፣ ምስር፣ ቀይ ሥር በዛ ብሎ ይቀርባል። ሻዩ በአንድ ማንኪያ ሆነ። ቆሎው ወደ ቦርሳዋ ተመለሰ።

ከፋሲካ ወዲህ በሳምንት ሁለቴ የጣና አሳ ገባ። ቆሮሶ የሚባለው አሳ በ100 ግራም ጥሬ ሥጋው 96 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን 20 ግራም ነው። ያጠግባል። በሐይቁ ዳር እንደለመድነው ሙሉውን በዘይት ሲጠበስ ካሎሪው በእጥፍ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በቲማቲምና በቃሪያ ወጥ እናደርገዋለን።

መራመዱም አለ። ድሮ በባጃጅ የምትሻገረውን አዲሱን የአባይ ድልድይ አሁን በእግሯ ትሻገራለች። ድልድዩ 380 ሜትር ነው። ከቤት እስከ ሥራዋ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ግማሽ ሰዓት መራመድ የሚያቃጥለው 150 ካሎሪ ቢሞላ ነው፤ ከአንድ እንጀራ ሩብ ትንሽ ይበልጣል። ይህን ስነግራት ቅር አላት። ለክብደት ያለው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ለስኳሩ ግን ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። ጠዋት ውኃው ላይ ያለውን ጭጋግ እያየች መሻገሩን ደግሞ ወዳዋለች።

ክብደቷ ቀጥ ብሎ አልወረደም። ለፋሲካ ዋዜማ 81.5 ነበረች። የፋሲካ ሳምንት ዶሮውና ቅቤው ወደ 82.6 መለሳት። ሰኔ ላይ 79.8 ሆነች። በፍልሰታ ጾም ቆመ፣ ሁለት ሳምንት አልተነቃነቀም። መስከረም 2018 ላይ 77.9 ደረሰች። ከመነሻዋ 7 በመቶ ትንሽ ያልፋል። ስኳሯ ያን ሳምንት ሲለካ 104 ነው። ጤናማ የሚባለው ከ100 በታች ነው፤ ገና አልደረሰችም። ሐኪሟ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ ብሏታል።

አንድ ስምምነት አለን። ቅዳሜ ጠዋት ሚዛን ላይ ትወጣለች። ሁለት ቅዳሜ ተከታትሎ ከጨመረ ሦስት ቀን ብቻ እንቆጥራለን፤ እሷና እኔ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። የት እንዳፈሰሰ ካገኘን በኋላ እንተወዋለን።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ 78.1 ነበረች። ዛሬ 78.4። ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀን እንቆጥራለን። አዲስ ጀሪካን ትናንት ተከፍቷል። ማርከሩን ፈልጌ ስሄድ ቀኑ ተጽፎ አገኘሁት። የእናቴ ጽሑፍ ነው።